ጠረጴዛው ስር ምን አለ? መድረክ ላይ ስለሚታዩ አዳዲስ ፕሮሰሰሮች

ባለሶኬት (አዲስ አበባ፣ ቅዳሜ ማታ)

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ዋላችሁ?

ዛሬ ላፕቶፕ ልገዛ አንድ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ጨዋ ልጅ ነው። ወንበር ሳበልኝ፣ ውሃ አቀረበልኝ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ትልቅ ቴሌቪዥን ጠቆመኝና «ይኸው፣ አቅሙን እየው» አለኝ። ቴሌቪዥኑ ላይ የሚሄደው አምራቹ ውጭ አገር መድረክ ላይ ያቀረበው ማሳያ ነው። ጥቁር ሹራብ የለበሰ ሰውዬ ያወራል፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ ሲያልቅ እንደገና ይጀምራል። ሦስት ጊዜ አየሁት። «እሺ፣ ላፕቶፑን ራሱን ክፈተውና ልየው» ስለው «እሱ እንኳ ቻርጅ የለውም» አለኝ። ቻርጀሩስ? «አለቃ ቆልፎበት ወጥቷል።»

ባዶ እጄን እየተመለስኩ የ2018ቱ የታይፔ ጉድ ትዝ አለኝ። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳትጣሉኝ።) ጁን ወር ላይ ነው፣ ኮምፒውቴክስ የሚባለው የኮምፒውተር ትርዒት። ፕሮሰሰር ሠሪው ኢንቴል 28 ኮር (ጎን ለጎን የሚሠሩ አንጎሎች በሉት) ያለው ፕሮሰሰር ይዞ ወጣና ሁሉንም ኮሮች በ5 ጊጋኸርትዝ (በሰከንድ 5 ቢሊዮን ምት) አስሮጣቸው። ሲኒቤንች በሚባለው መፈተኛ 7,334 ነጥብ አመጣ። አዳራሹ ጉድ አለ። ያኔ እንኳን 28 ኮር፣ 8 ኮር በዚያ ፍጥነት ማስሮጥ የሚያስፎክር ነበር።

ከዚያ ጋዜጠኞች ማሽኑን ጠጋ ብለው ሲያዩት በመከላከያ የተጠቀለለ ወፍራም ቱቦ ወደ ታች ይወርዳል። ቱቦውን ተከትለው ጎንበስ ሲሉ ጠረጴዛው ስር አንድ ማሽን ቁጭ ብሏል። ፋን አይደለም። ውሃ የሚያቀዘቅዝ፣ 1 የፈረስ ጉልበት ያለው ቺለር ነው። በእኛ ቋንቋ ፍሪጅ በሉት። ኢንቴል በኋላ ሲጠየቅ፣ ፕሮሰሰሩ ከተሠራለት ፍጥነት በላይ ተገፍቶ እንደነበር አቅራቢው በደስታ ብዛት መናገር ረስቶት ነው አለ።

ቁልፍ ይረሳል፣ ጃንጥላ ይረሳል። ፍሪጅ ይረሳል?

ያው ዕቃ በ2019 መጀመሪያ ገበያ ሲወጣ ስሙ ዜዮን ደብልዩ 3175ኤክስ ነው። መነሻው 3.1፣ ቢበዛ 4.3 ጊጋኸርትዝ፣ 255 ዋት፣ 2,999 ዶላር። መጥፎ ዕቃ አልነበረም እኮ! ያለ ፍሪጁ ቢያሳዩትም ሰው ያደንቀው ነበር።

እና ጥያቄዬ፦ እናንተ እንዲህ ዓይነት ማሳያ ስታዩ ዓይናችሁ የት ነው የሚያርፈው?

ሚጥሚጣ

«እሱ እንኳ ቻርጅ የለውም» ሃሃሃሃ ሞቻለሁ። ላፕቶፕ ልትገዛ ሄደህ ሲኒማ ገብተህ ወጣህ። ቲኬት ስላልከፈልክ ተመስገን በል።

ምንጭ ክፍት (አዳማ)

ያንተ ታሪክ ፍሪጅ ነው፤ የኔ ደግሞ የቪዲዮ ማጫወቻ።

ጃንዋሪ 2012፣ ላስ ቬጋስ፣ ሲኢኤስ የሚባለው የኤሌክትሮኒክስ ትርዒት። ለቀጫጭን ላፕቶፖች የወጣው «አልትራቡክ» የሚለው ስም በየቦታው የሚጮህበት ጊዜ ነው። የኢንቴሉ ምክትል ፕሬዚዳንት ሙሊ ኤደን ገና ያልወጣውን አይቪ ብሪጅ ፕሮሰሰር የያዘ ቀጭን ላፕቶፕ ይዞ መጣ። ግራፊክሱ ዳይሬክትኤክስ 11 የሚባለውን የጌም ምስል ስልት እንደሚችል ለማሳየት መሪ ጨብጦ የፎርሙላ 1 እሽቅድምድም ጌም መጫወት ጀመረ። መኪናው ሲታጠፍ እሱም መሪውን ያጥፋል። ምን ዋጋ አለው፣ እስክሪኑ ታች ላይ የቪኤልሲ ቁልፎች ብቅ አሉ። ያቺ የብርቱካን ቀለም ኮን ያላት ማጫወቻ! ሁላችንም ቤት ያለችው! ሰውዬው መሪ ይዞ ቪዲዮ ሲነዳ ነበር። ሳቀና ከመድረክ ጀርባ ሆነው እያንቀሳቀሱት ነው ብሎ አለፈው።

የሚያናድደው ቺፑ እውነትም ይችል ነበር። ከዚያ በኋላ በቀጥታ ሲጫወት አሳይተውታል፣ አፕሪል ላይም ገበያ ወጣ። እውነት ይዘው ነው በውሸት ያሳዩት።

ፍሪጁ ለምን እንዳስፈለገ ደግሞ ላስረዳ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ነው። የፕሮሰሰር የኃይል ፍጆታ ከፍጥነቱ ጋር ያድጋል፤ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬ ነው የሚያድገው። ቮልቴጁን 20 ከመቶ ከፍ ብታደርግ፣ ፍጥነቱን ሳትነካ እንኳ ፍጆታው 44 ከመቶ ይወጣል። ከአንድ ደረጃ በኋላ ፍጥነት ለመጨመር ደግሞ ቮልቴጅ መጨመር ግድ ነው። ስለዚህ የመጨረሻዋ ትንሽ ፍጥነት ዋጋዋ እሳት ነው። እሳቱ የት ይሂድ? ወይ ትልቅ ብረትና ፋን፣ ወይ ጠረጴዛው ስር።

እኔ መድረኩን ሳይ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ ሶኬቱንና ሰዓቱን። ማሽኑ ተሰክቷል ወይስ በባትሪ ነው? ለስንት ደቂቃ ነው የሚያሳዩኝ? አንድ ደቂቃ ማንም ይሮጣል።

የቂርያት ጋት ልጅ (እስራኤል)

ሙሊ ኤደንን በመሪው ብቻ አታስታውሱት እንጂ፣ ሰውዬው የሠራው ሥራ አለ።

እኔ ያለሁት ቂርያት ጋት ነው። ከተማችን የኢንቴል ፋብሪካ አላት፤ የእኛም ሰው እዚህ ብዙ ነው። ፋብሪካው ቺፕ ያመርታል፣ ንድፉ ግን ሰሜን ሃይፋ ላይ ነው የሚሠራው። ኢንቴል ሃይፋ ላይ የንድፍ ማዕከል የከፈተው በ1974 ነው፤ ከአሜሪካ ውጭ የመጀመሪያው።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓለም ሁሉ በጊጋኸርትዝ ሲያብድ የሃይፋዎቹ ሌላ መንገድ ያዙ። ለላፕቶፕ ታስቦ ከመጀመሪያው የተነደፈ፣ ለያንዳንዱ ዋት የሚሳሳ ፕሮሰሰር ሠሩ። የውስጥ ስሙ ባኒያስ ይባላል፣ የምንጭ ውሃ ስም ነው። ገበያ ሲወጣ ፔንቲየም ኤም ሆነ። ማርች 2003 ላይ ከዋይፋይ ጋር ተጣምሮ «ሴንትሪኖ» ተብሎ ወጣ። 1.6 ጊጋኸርትዝ፣ 24.5 ዋት። ሱቅ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠው ፔንቲየም 4 ላፕቶፕ ላይ 2.4 ተብሎ ተጽፏል። ገዢው የቱን ያነሳል? ቁጥሩ ትልቁን ነዋ! ሥራ ላይ ሲሆኑ ግን 1.6ቱ ከ2.4ቱ አያንስም ነበር፤ ባትሪው ደግሞ ብዙ ይቆያል፣ ጭንህንም አያቃጥልህም። ያንን ቡድን ከመሩት አንዱ ሙሊ ኤደን ነው። በ2006 የወጣው ኮር 2 ዱዎ የዚሁ ሐሳብ ልጅ ነው፣ እሱም ከሃይፋ።

እንግዲህ አስቡት። ሰውዬው የሚታወሰው በማጫወቻዋ ሆነ ማለት ነው? ባኒያስን መድረክ ላይ ማሳየት ከባድ ነው። «ይኸው፣ አልሞቀም» ተብሎ ይጨበጨባል እንዴ?

ጋሽ ትራንዚስተር

ልጆቼ፣ ደህና አመሻችሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እናንተን ማንበብ ነው ሥራዬ። እቺ ልጅ ያነሳችው ነገር ትክክል ነው፤ ከበስተጀርባው ያለውን እኔ ልጨምር፣ በዓይኔ ያየሁት ዘመን ስለሆነ።

ማርች 6 ቀን 2000 የኢንቴል ተቀናቃኝ ኤኤምዲ 1 ጊጋኸርትዝ ደረስኩ ብሎ አትሎን የሚባል ፕሮሰሰሩን አወጣ። በሁለተኛው ቀን ኢንቴል የራሱን 1 ጊጋኸርትዝ ፔንቲየም 3 አወጣ። ሁለት ቀን! ከዚያ ወዲያ ነገሩ የፈረስ ግልቢያ ሆነ። በዚያው ክረምት ኢንቴል 1.13 ጊጋኸርትዝ አወጣ። ገምጋሚዎች ቤታቸው ወስደው ሊኑክስን ኮምፓይል ሲያስደርጉት (ኮዱን ወደ ፕሮግራም ሲያስቀይሩት፣ ከባድ ሥራ ነው) ይወድቃል። አንዱ ጋ ብቻ ሳይሆን ሌላውም ጋ ወደቀ። ኦገስት ሳያልቅ ዕቃው ከገበያ ተሰበሰበ። እዩ እንግዲህ፣ ማሳያው ላይ ያልታየው እቤት ሥራ ላይ ታየ።

ፔንቲየም 4 ሲመጣ ደግሞ ጭራሽ እስከ 10 ጊጋኸርትዝ እንሄዳለን ይባል ነበር። በየዓመቱ ኢንቴል በሚያዘጋጀው የገንቢዎች ጉባኤ አንድ ሰው ወጥቶ ትልቅ ቁጥር ያሳያል። በ2001 3.5፣ በ2002 4.7 ጊጋኸርትዝ አሳይተዋል። እኔም እዚህ የመሥሪያ ቤት 400 ሜጋኸርትዝ ማሽን ላይ ተቀምጬ አነብና አፌን እከፍታለሁ።

ሙቀቱ ግን አልሰማቸውም። ፕሬስኮት የተባለው ትውልድ ሲመጣ የኤሌክትሪክ ፍሳሹ ባሰ፣ ፍጆታው እስከ 115 ዋት ወጣ። መድረክ ላይ 4.7 የታየው ፕሮሰሰር ሱቅ ውስጥ 3.8 ላይ ቆመ። 4 ጊጋኸርትዙን ኦክቶበር 2004 ሰረዙት። በዚያው ወር የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ክሬግ ባሬት ኦርላንዶ ላይ ብዙ ሕዝብ በተሰበሰበበት ጉባኤ ስለዚሁ ሲናገር መድረኩ ላይ ተንበረከከ። ይቅርታ ለመጠየቅ ነው፤ ግማሹ ቀልድ ነው፣ ግማሹ ግን እውነት ነው። ቴክኖሎጂ ውስጥ ብዙ ማሳያ አይቻለሁ፣ ያንን የመሰለ ግን አላየሁም።

ሚጥሚጣ

ጋሼ፣ እርስዎ ሲጽፉ ሻይ ይዤ ነው የማነበው። እባክዎ ይቀጥሉ። እኛ ሰፈር 10 ጊጋኸርትዝ ነው ብሎ የሸጠልኝ ቢኖር እስካሁን አልነሳም፣ ተንበርክኬ እቀር ነበር።

ቀጭኔ (ስቶክሆልም)

ሁላችሁም እየፈረዳችሁ ነው፣ ልቃወም።

ማሳያ ፈተና አይደለም። ተውኔት ነው። ጃንዋሪ 9 ቀን 2007 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ስቲቭ ጆብስ የመጀመሪያውን አይፎን ሲያሳይ ስልኩ ገና አልደረሰም ነበር። ዘፈን ስታጫውት ይቆማል፣ ኢንተርኔት ስትገባ ስታክ ያደርጋል። መሐንዲሶቹ ሳይወድቅ የሚሄድበትን ቅደም ተከተል ፈልገው አገኙ፦ መጀመሪያ ኢሜይል፣ ከዚያ ኢንተርኔት፣ በተገላቢጦሹ ግን አይሆንም። የሲግናል ምልክቷ ምንጊዜም አምስት እንድታሳይ ተደርጋ ተስተካከለች። ተንቀሳቃሽ የኔትወርክ አንቴና ወደ አዳራሹ ተወሰደ። አንዱ ስልክ ሜሞሪው ሲሞላ ወደ ሌላው የሚቀይርበት ተጨማሪ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ነበር። መሐንዲሶቹ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው አንዱ ክፍል በሰላም ባለፈ ቁጥር ከያዙት ውስኪ ይጎነጩ እንደነበር በኋላ ተናግረዋል። ሲያልቅ ጠርሙሱም አልቋል።

ታዲያ ውሸት ነው? ጁን 29 ስልኩ ሱቅ ገባ፣ ሠራ፣ ዓለምን ቀየረ። ያ ማሳያ ባይኖር የሚቀጥለው አምስት ወር ማን እንቅልፍ አጥቶ ይሠራ ነበር? ድግስ ጠርተህ እንግዳ በር ላይ ሲደርስ ነው ወጡ የሚፈጥነው።

ደግሞ እውነተኛ ማሳያ ሲደረግ ምን እንደሚሆን አይተናል። ጁን 2010፣ ያው ሰውዬ፣ አይፎን 4። ድረ ገጽ አልከፍት አለው። ምክንያቱ ሲጣራ አዳራሹ ውስጥ 570 የዋይፋይ ጣቢያ በርቷል፤ ጋዜጠኛው ሁሉ የራሱን ይዞ መጥቷል። «ወይ አጥፉት፣ ወይ ማሳያው ይቅር» ብሎ ሰውን ላፕቶፑን አስዘጋው። የፈለጋችሁት ይሄ ነው?

ምንጭ ክፍት

ቀጭኔ ወንድሜ፣ ተውኔቱን አልጠላሁትም። ልዩነት ግን አለ።

አይፎኑ ላይ የተደበቀው ጉድለት ነው፣ በኋላ የተስተካከለ። ሱቅ የገባው ስልክ መድረክ ላይ የታየውን ሁሉ ያደርግ ነበር። ፍሪጁ ግን ሊስተካከል አይችልም። ገዢው ፍሪጅ አብሮ አይሰጠውም። የኖኪያን ሉሚያ 920 ደግሞ ውሰድ፣ 2012። ካሜራው እጅህ ቢንቀጠቀጥም ቪዲዮው አይንቀጠቀጥም አሉና አንዲት ልጅ ብስክሌት እየነዳች ስትስቅ የሚያሳይ ቪዲዮ ለቀቁ። እሺ። ልጅቷ ስታልፍ አጠገቧ ያለ መስታወት ላይ ቪዲዮ ቀራጩ ታየ። ትልቅ ካሜራ ይዞ። በስልኩ አልተቀረጸም። ኖኪያ ይቅርታ ጠየቀ።

የኔ ሚዛን ይሄ ነው፦ መድረክ ላይ ያየሁት ነገር እኔ ቤት ሶኬት ላይ፣ በኔ ገንዘብ ይደገማል ወይ? የተደበቀው ዕቃው ገና ስላልደረሰ ከሆነ ይቅር። የተደበቀው የማላገኘው ነገር ከሆነ ግን አልቀበልም።

ዲሲ ሾፌር (ሲልቨር ስፕሪንግ)

እናንተ ስለ ላፕቶፕ ትጨቃጨቃላችሁ፤ ነገሩ የባሰው ስልክ ላይ ነው።

እኔ ቀኑን ሙሉ ታክሲ ላይ ነኝ። ስልኬ ዳሽቦርድ ላይ ተሰክቶ ካርታ ያሳያል፣ ቻርጅ ያደርጋል፣ ፀሐይ ይመታዋል። ሲገዛ «በጣም ፈጣን» ነበር። ሐምሌ ላይ በሰባት ሰዓት ፀሐይ መንገድ መሃል ላይ እስክሪኑ ይደበዝዛል፣ ካርታው ይንቀረፈፋል፣ ከዚያ «እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ» የሚል ጽሑፍ ያመጣል። ከኋላ ተሳፋሪ ተቀምጧል። መስኮት ከፍቼ ስልኩን ለነፋስ እሰጠዋለሁ። አንድ ጊዜ አንዲት አሮጊት ተሳፋሪ በቦርሳቸው ውስጥ የነበረ ቀዝቃዛ የኮካ ጣሳ አውጥተው ሰጡኝ። ከስልኩ ጀርባ ለጥፌው ደረስን። ያው የኔ ቺለር ማለት ነው።

ስልክ ፋን የለውም። ያለ ፋን በቋሚነት ሊያስወጣ የሚችለው ሙቀት ከ3 እስከ 5 ዋት ብትሉ ነው። ፕሮሰሰሩ ግን ለአጭር ጊዜ ከዚያ በላይ መውሰድ ይችላል። ማሳያ ላይ የምታዩት ያቺን አጭር ጊዜ ነው። እኔ የምኖረው የቀረው ሰዓት ውስጥ ነው።

ማጭበርበሩ ደግሞ አለ። በ2013 አናንድቴክ የሚባለው ድረ ገጽ ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ4ን ሲመረምር የግራፊክሱ ፍጥነት ጌም ሲከፈት 480 ሜጋኸርትዝ ላይ ይቆማል፣ አንዳንድ መፈተኛ ፕሮግራሞች ሲከፈቱ ግን 533 ይገባል። ኮዱ ውስጥ «የመፈተኛ ማፍጠኛ» የሚል ትርጉም ያለው ስም ሳይቀር ተገኘ። ስሙን እንኳ አልደበቁትም! በ2019 ሳምሰንግ አሜሪካ ውስጥ በዚህ ምክንያት የተከፈተበትን ክስ በ13.4 ሚሊዮን ዶላር ጨረሰ። በ2022 ደግሞ ተቃራኒውን አደረጉ፣ ጌሙንና ሌላውን አፕ ያዘገያሉ፣ መፈተኛውን ግን አይነኩትም። ጊክቤንች የሚባለው መፈተኛ ከኤስ10 እስከ ኤስ22 ያሉትን ከዝርዝሩ አወጣቸው። ሁዋዌም በ2018 በተመሳሳይ ነገር ተይዟል። ተማሪ የፈተናውን ወረቀት ሽታ ለይቶ ያን ቀን ብቻ ጎበዝ ሲሆን ማለት ነው።

ዕንቁጣጣሽ (ዱባይ)

ዲሲ ሾፌር፣ የአንተ ሐምሌ እዚህ ግንቦት ነው። በጥላ 45 ዲግሪ ሲሆን ስልኩን ከቦርሳ ሳታወጣው ራሱ ይሞቃል። እኔ ቤት ደርሼ ኤሲ ስር ካላስቀመጥኩት ቻርጅ አልቀበልም ይላል። እነዚህ ሰዎች አንድ ቀን ማሳያቸውን ነሐሴ ላይ እዚህ ፓርኪንግ ውስጥ ያድርጉት፣ ያኔ አምናቸዋለሁ።

ባለሶኬት

ቆይ፣ የእኛስ አገር? አንድ ነገር ሳስበው ቆየሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለነው። እዚህ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይቀንሳል። ፋን የሚያቀዘቅዘው በአየር ነው፤ በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ክብደቱ አነስ ካለ የሚሸከመው ሙቀትም ያንሳል። ታይፔ ወይም ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተለካ ላፕቶፕ እዚህ ያው አይሆንም ማለት ነው። በሌላ በኩል ቤታችን 20 ዲግሪ ነው፣ ያ ያካክሰዋል። ሰመራ ያለ ሰው ግን ከፍታው አይነካውም፣ ሙቀቱ ይጨርሰዋል።

ደብረ ብርሃን 2,800

እኛ ጋ ቺለር አያስፈልግም። በጥቅምት ሌሊት መስኮቱን ክፈት በቃ። 28 ኮሩን አምጡልን።

የሱቅ ልጅ (መርካቶ)

እኔ እዚህ መርካቶ ላፕቶፕና ስልክ የምሸጥ ነኝ። ባለሶኬት የሄድክበት ሱቅ የኔ አይደለም፣ መጀመሪያ ይሄ ይታወቅልኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ። ገዢው ራሱ ጊዜ አይሰጥም። «ኮር ስንት? ራም ስንት? መጨረሻው ስንት?» ይላል። አምስት ደቂቃ ቆይቶ ይሄዳል። አምስት ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ላፕቶፕ ጎበዝ ነው። ያገለገለውም ከዱባይ የመጣውም እኩል ነው። ሲሞቅ ነው የሚለየው። አንዳንዱ ቴርማል ፔስቱ (ከፕሮሰሰሩ ሙቀት የሚያሳልፈው ቅባት) ደርቋል፣ አንዳንዱ ፋኑ ውስጥ ከአቧራ የተሠራ ጋቢ አለ። ከፍቼ ሳሳያቸው ሰዎች ይደነግጣሉ።

ለሚመጣ ሰው ሁሉ የምለው አንድ ነው። ቻርጀሩን ንቀለው። የራስህን ሥራ በፍላሽ ይዘህ ና፤ ዲዛይነር ከሆንክ ፋይልህን፣ ቪዲዮ የምታቀናብር ከሆንክ አንድ ቪዲዮ። ያው ሥራ ደጋግመህ አሠራው፣ ሰዓት ያዝ። የመጀመሪያውን ተወው፣ እሱ ለሻጩ ነው። አራተኛውንና አምስተኛውን እይ። እጅህን ከቁልፎቹ በላይ፣ ማጠፊያው አጠገብ አድርገው፣ ትኩሳቱ እዚያ ነው የሚወጣው። ሻጩ ከተቆጣ ውጣ። ደህና ሻጭ አይቆጣም፣ ቡና ያዝልሃል።

ደግሞ ሁሉም ማሳያ ውሸት አይደለም። በ2020 አፕል ኤም1 የሚባል ፕሮሰሰሩን ሲያወጣ ቁጥር የሌለበት ግራፍ ነበር ያሳየው፤ መስመር ብቻ፣ ወደ ላይ የሚሄድ። እኔም ስቄ ነበር። በሳምንቱ ገምጋሚዎች እጅ ሲገባ እውነት ሆነ። ፋን የሌለው ማክቡክ ኤር ሲቆይ ትንሽ ፍጥነቱ ይቀንሳል እንጂ ሌላው እንደተባለው ነው። ዛሬም ሱቄ ሲገባ ሳያድር ይሄዳል።

ጋሽ ትራንዚስተር

ኤም1 ከተነሳ አያቱን ላንሳ፤ ለኔ ከሁሉ የሚበልጠው ማሳያ እሱ ነው፣ ተመልካቹ ግን ጥቂት ሰው ብቻ ነበር።

ኤፕሪል 26 ቀን 1985፣ እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ፣ አኮርን የሚባል ትንሽ ኩባንያ። ሶፊ ዊልሰንና ስቲቭ ፈርበር የነደፉት የመጀመሪያው አርም ፕሮሰሰር ከፋብሪካ ደረሰ። 25,000 ትራንዚስተር ብቻ። ሰኩት፣ ወዲያው ሠራ። ፈርበር ደግሞ ስንት እንደሚወስድ ልለካ ብሎ በኃይል መስመሩ ላይ አሜትር (የኤሌክትሪክ ፍሰት መለኪያ) አገናኘ። መለኪያው ዜሮ ይላል። ቺፑ እየሠራ ነው፣ መለኪያው ዜሮ ነው። ነገሩን ሲያጣራ ለካ የኃይል መስመሩ ከቦርዱ ጋር አልተገናኘም! ቺፑ የሚኖረው አጠገቡ ካሉት ሰርኪቶች በሲግናል እግሮቹ በኩል በምትሾልከው ኤሌክትሪክ ነው። ከጎረቤት መብራት በበር ስንጥቅ ገብቶ እንደሚያነብ ተማሪ።

ዛሬ ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ ሁሉ የዚያ ልጅ ነው።

ኢንቴልም በ2011 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የሚመስል ነገር አሳይቶ ነበር። ክሌርሞንት የሚባል የሙከራ ቺፕ፣ ከ10 ሚሊዋት በታች የሚወስድ፣ የቴምብር መጠን ካላት የፀሐይ ሴል የሚሠራ። ብርሃኑ የጠረጴዛ መብራት ነው። ከፀሐይ ሴሏ የሚሠራው ፕሮሰሰሩ ብቻ ነው እንጂ እስክሪኑና ቦርዱ ከሶኬት ነበሩ። ይህንንም ተናግረዋል። ለሽያጭ አልቀረበም፣ ግን የተደበቀ ነገር አልነበረበትም። ባለሶኬት ልጄ፣ ያንተን ላፕቶፕ ቻርጅ የለውም ያለህ ሻጭ እኮ ይህን ቢሰማ «ያለ ቻርጅም ይሠራል» ብሎ ይሸጥልህ ነበር።

ባለሶኬት (በሳምንቱ፣ ቅዳሜ)

ተመለስኩ፣ ወሬ ይዣለሁ።

እዚያው ሱቅ ሄድኩ። አለቃው አለ፣ ቻርጀሩም ተገኘ። አንድ ሰዓት ቻርጅ አስደርጌ ነቀልኩት። ፍላሽ ላይ ብሌንደር የሚባለውን የምስል መሥሪያ ፕሮግራምና አንድ የራሴን የቤት ዲዛይን ይዤ ነበር። የመጀመሪያው ምስል 4 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ፈጀ። ሁለተኛው ያው። ሦስተኛው 4 ከ50። ፋኑ ማፏጨት ጀመረ። ሻጩ ልጅ መጀመሪያ ገርሞት ነበር፣ ኋላ ግን ራሱ በስልኩ ሰዓት ይይዝልኝ ጀመር። ሌላ ገዢ መጥቶ «ምንድን ነው እሱ?» ሲል «ፈተና ላይ ነን» አለው።

አራተኛው መሃል ላይ መብራት ጠፋ። ቴሌቪዥኑ ጠፋ፣ ጥቁር ሹራብ የለበሰው ሰውዬም አረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ አብሮ ጠፋ። ሱቁ ጨለመ። ላፕቶፑ ብቻ ፋኑን እያፏጨ ጠረጴዛው ላይ ያበራል፣ የእኔ ቤት ሳሎን ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ይሳላል። ሦስታችንም ዝም ብለን አየነው። አለቃው «ይሄ ነው ማሳያ» አለ።

አምስተኛው 6 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ። አልዋሽም፣ ከፋኝ። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፌ አሳየሁት። ተከራከርን፣ ቡና መጣ፣ ቴርማል ፔስት ሊቀይርልኝ ተስማማ፣ ከዋጋውም ሦስት ሺ ብር ወረደ። ከፍተው ሲያዩት የሱቅ ልጅ ያላት የአቧራ ጋቢ እዚያው አለች። ከተጸዳ በኋላ አምስተኛው 4 ከ40 ሆነ። ገዛሁት።

ሚጥሚጣ

እንኳን ደስ አለህ! ጠረጴዛው ስርስ አየህ?

ባለሶኬት

አየሁ። የልጁ የምሳ ዕቃ ነበር። ሽሮ ነው መሰለኝ።